ለሁለት የተገዛች መኪና ስትጠብ፦ ቀጣዩን ያገለገለ መኪና እንዴት እንምረጥ

ስንጋባ የገዛናት ቪትዝ ሰባት ዓመት አገለገለችን። ለሁለት ሰውና ለአንድ ዘንቢል አስቤዛ ከእሷ የተሻለ መኪና አልመኝም ነበር። ከዚያ ልጅ መጣ። ቀጥሎ አማቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው አብረውን መኖር ጀመሩ። ባለቤቴ ሁለተኛውን ስታረግዝ ነገሩ ቁርጥ ሆነ። መኪና መቀየር አለብን። ግን በምን?

እኔ ዲዛየር አልኩ። ነዳጅ ቆጣቢ ናት፣ መለዋወጫዋም አይጠፋም። ባለቤቴ ራቭ ፎር አለች። ሦስት ሳምንት ተከራከርን። ጥፋታችን ከመኪና ስም መጀመራችን ነበር። ከውሏችን ስንጀምር ክርክሩ አለቀ። ከዚህ በታች የማስቀምጠው የሄድንበትን መንገድ ነው። ቀድመን ብናውቀው ኖሮ ብዬ የተቆጨሁባቸውን ነገሮችም ጨምሬበታለሁ።

1. የመኪና ስም ሳትጠሩ የሁለት ሳምንት ጉዟችሁን ጻፉ

ሁለታችሁም ለየብቻ ደብተር ያዙ። ለ14 ቀን እያንዳንዱን ጉዞ መዝግቡ። ከየት ወዴት ሄዳችሁ? ስንት ሰው ነበር? ምን ዕቃ ተያዘ? መንገዱ አስፋልት ነው፣ ኮብልስቶን ነው ወይስ ኮረኮንች? በራይድ ወይም በታክሲ የሄዳችሁበትንም አትዝለሉ። እንዲያውም ዋናው እሱ ነው። መኪናችሁ ያልቻለችው ጉዞ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

እኔ ኑሯችን ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ይመስለኝ ነበር። የባለቤቴ ደብተር ሌላ ነገር አሳየኝ። ልጁን ጠዋት ሕፃናት ማቆያ ታደርሳለች። እናቷን በሳምንት ሁለት ቀን ለጉልበታቸው ሕክምና ትወስዳለች። ቅዳሜ ገበያ አለ። እሁድ ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ ብዙ ጊዜ አንድ ጎረቤትም ይጨመራል። ከ14ቱ ቀናት በዘጠኙ መኪናው ውስጥ አራትና ከዚያ በላይ ሰው ነበር፣ ወይም መኪናው ስላልበቃ ራይድ ተጠርቷል። ከከተማ የወጣነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ደብተሮቹን አንድ ላይ ካነበባችሁ በኋላ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት የሚለወጠውን ጻፉ። ልጅ ሊወለድ ነው? ወላጅ ሊመጣ ነው? ከኪራይ ቤት ወጥታችሁ ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ልትገቡ ነው? አንዳችሁ ዕቃ የሚያስጭን ሥራ ልትጀምሩ ነው? እርግጠኛ የሆናችሁበትን በእስክሪብቶ፣ ሊሆን ይችላል የምትሉትን በእርሳስ ጻፉ። መኪናው የሚገዛው በእስክሪብቶ ለተጻፈው ነው። በእርሳስ ለተጻፈው እንደ ተጨማሪ ቦታ ያለ ትንሽ ክፍተት ብትተዉ ይበቃል።

በዓመት አንዴ ለሚደረግ ጉዞ መኪና አትምረጡ። ለጥምቀት ጎንደር ወይም ለበዓል ገጠር ለመሄድ ሲባል ዓመቱን ሙሉ ከተማ ውስጥ ትልቅ የናፍጣ ፒክአፕ የሚነዱ ጥንዶች አውቃለሁ። ለዚያ ለአንዱ ሳምንት መከራየት ይቻላል። ለቀሩት 51 ሳምንታት ነዳጁን የምትከፍሉት ግን እናንተ ናችሁ።

አለመግዛትም ምርጫ መሆኑን አትርሱ። ደብተሩ ላይ የጠበባችሁ ጉዞ በሳምንት አንዴ ብቻ ከሆነ፣ ያለችውን መኪና አድሳችሁ ለዚያች ቀን ራይድ መጥራት በጣም ይረክሳል።

2. ብራችሁን ቀንሳችሁ ቁጠሩ

በእጃችሁ ያለው ገንዘብ በሙሉ የመኪናው ዋጋ አይደለም። የውልና የስም ማዛወሪያ ወጪ አለ። ብዙ ጊዜ ሁለት ከመቶ የሚባል የደላላ አለ። ኢንሹራንስ አለ፣ ቦሎ አለ። ያገለገለ መኪና ስለሆነ ደግሞ በመጀመሪያው ወር ጎማ፣ ባትሪ ወይም የፍሬን ሸራ መጠየቁ አይቀርም። እኛ ከመቶ 15 እጁን ለይተን አስቀመጥን፤ አብዛኛው ወጣ። ስለዚህ በእጃችሁ ካለው 85 እጁን የማይበልጥ መኪና ፈልጉ።

ገበያውንም ማወቅ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት በጣም አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት የቤንዚን መኪኖች አርጅተውም ዋጋ ይጠራሉ። የ20 ዓመት ኮሮላ ዋጋ ሲነገራችሁ አትደንግጡ። የእናንተ አሮጌም በዚያው ልክ እንደሚያወጣ አስቡ። ሽያጩንና ግዢውን ግን አታራርቁት። ሸጣችሁ ብሩን ስድስት ወር ብታስቀምጡት ያው ብር ያቺኑ መኪና ላይመልስላችሁ ይችላል።

3. ዓይነቱን ወደ ሁለት አውርዱ

ደብተራችሁን ይዛችሁ ዓይነቶቹን ተመልከቱ። እኔ የማስበውን ልንገራችሁ።

ቪትዝ፣ ያሪስ፣ አይ ቴን እና አልቶ ለሁለት ሰውና ለአንድ ልጅ ይበቃሉ። ከዚያ በላይ ሲሆን መጀመሪያ የሚያልቀው ወንበሩ ሳይሆን የዕቃ ቦታው ነው። የልጅ ጋሪ ከገባ አስቤዛው ጭን ላይ ይሆናል።

ዲዛየር ኋላዋ ወጣ ስላለ ጋሪም አስቤዛም ትይዛለች። ለከተማ ኑሮ በጣም እወዳታለሁ። ነገር ግን ብዙዎቹ ለራይድ ሥራ የዋሉ ናቸው። ኮድ 3 (የንግድ ሰሌዳ) ከሆነች ከመደበኛ የቤት መኪና ብዙ እጥፍ ተነድታ እንደሆነ ገምቱ። በኮድ 2 (በግል ሰሌዳ) መቀጠል የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ዝውውሩ ምን እንደሚጠይቅ ከመዋዋላችሁ በፊት ጠይቁ።

ኮሮላ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ማንኛውም መካኒክ ያውቀዋል፣ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የማታገኙት ዕቃው የለም፣ ስትሸጡትም በሳምንት ይሄዳል። ችግሩ ዝቅታው ነው። ለአረጋዊ ሰው ጉልበትና ለኮረኮንች መንገድ አይመችም።

ራቭ ፎር፣ ቱሳን እና ቪታራ ከፍ ብለው ለመግባት ይመቻሉ፤ ነዳጃቸውና ጎማቸው ግን ይወደዳል። ራቭ ፎር ስትሉ ባለ ሦስት በር መኖሩን አትርሱ፤ ለልጅ ወንበር ፈተና ነው። በፈረንጆቹ ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩት አውቶማቲኮች በኮምፒውተራቸው ችግር ማርሽ ሲቀይሩ የመግፋት፣ ሲብስም ካምቢዮ የማበላሸት ባሕርይ ታይቶባቸዋል። ከ2006 በኋላ ከመጡት ባለ 2.4 ሊትር ሞተሮች አንዳንዶቹ ዘይት ይበላሉ። ሁሉም እንዲህ ናቸው ማለት አይደለም። ስትፈትሹ እነዚህን ለይታችሁ ጠይቁ ለማለት ነው።

በእስክሪብቶ የጻፋችሁት ስድስት ሰው ከሆነ እንደ አቫንዛ ያለ ባለ ሰባት ወንበር እዩ። ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ የዕቃ ቦታው ግን የለም ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር በደንብ ላስምርበት፤ ከፍታ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ባለ 1,000 ሲሲ ሞተር ሁለት ሰው ይዞ አይቸገርም። አምስት ሰውና ዕቃ ጭኖ 130 ኪሎ ሜትር ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄድ ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ይጠብቀዋል። ዳገት ላይ ከባድ መኪና ለመቅደም ስትወጡ ጉልበት ማጣት የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቤተሰብ ይዛችሁ ነው።

4. ሰውና ዕቃ ይዛችሁ ለኩ

እኛን ያስማማን ይህ ነው። ከጓደኞቻችን አንዱ ኮሮላ፣ ሌላው ራቭ ፎር ነበራቸው። አንድ እሁድ ሁለቱንም ግቢ አስቆምናቸው። አማቴ ኮሮላው ውስጥ ሲቀመጡ ደህና ነበሩ። ሲነሱ ግን በሩን በአንድ እጅ፣ የእኔን ትከሻ በሌላ እጅ ይዘው ነው። ራቭ ፎሩ ላይ ወንበሩ ወገባቸው ጋር እኩል ስለሆነ ዘወር ብለው ተቀመጡ፣ ዘወር ብለው ወረዱ። «ልጄ፣ ይቺኛዋ ትሻለኛለች» አሉኝ። የሦስት ሳምንት ክርክር እዚያ ላይ ቆመ።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። የልጁን ወንበር ይዛችሁ ሂዱና እሰሩት። ለጨቅላ የሚሆነው ፊቱን ወደ ኋላ የሚያዞር ወንበር ብዙ ቦታ ይፈልጋል። እሱ ታስሮ ከፊት ያለው ሰው ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ሳይነካ መቀመጥ ይችላል? ይህን ወንበር ኤርባግ ባለው የፊት መቀመጫ ላይ በፍጹም አታድርጉት፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ሕፃኑን ሊገድል ይችላል። ከወንበሩ ጎን ለጎን ደግሞ አዋቂ ሰው አስቀምጡ። የኋላው ቀበቶ በሦስቱም ቦታ መኖሩንና መሥራቱን እዩ። ጋሪውን፣ የጋዝ ሲሊንደሩን፣ ብትችሉ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ጭናችሁ ሞክሩ። ሁለታችሁም ንዱት። ባለቤቴ ቁመቷ አጠር ስለሚል ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻ ስትረግጥ መሪው ደረቷ ላይ የሚደርስባቸው መኪኖች ነበሩ። እኔ ብቻ ብነዳው ኖሮ አላውቀውም።

5. ኤሌክትሪክ ካሰባችሁ ከመኪናው በፊት ሶኬቱን ፈልጉ

ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና አሁን በብዛት ለገበያ ይቀርባል። ነዳጅ ሰልፍ የለም፣ የዘይት ቅያሪ የለም፣ ከፍታውም ጉልበቱን አይቀንሰውም። ለከተማ ቤተሰብ ብዙ ጥቅም አለው። ጥያቄው ግን ማታ የት ይሞላል የሚለው ነው። የራሳችሁ ግቢና ቆጣሪ ካላችሁ ግማሹ አለቀ። በተራ ሶኬት ማታ ሙሉ ለከተማ የሚበቃ ይሞላል። ሰባት ኪሎዋት የሚባለው የግድግዳ ቻርጀር ግን 32 አምፔር ይፈልጋል። ስለዚህ የቤቱን መስመር በኤሌክትሪሻን አስፈትሹ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሆናችሁ መኪናው የጋራ ማቆሚያ ላይ የሚያድር ከሆነ፣ መጀመሪያ ኮሚቴውን አናግሩ። እኛን ከኤሌክትሪክ ያስቀረን ይህ ብቻ ነው።

መኪናው ሲታይ ከኪሎ ሜትሩ በላይ የባትሪው ጤና ይታይ። በመመርመሪያ መሣሪያ ከመቶ ስንት እንደቀረው ይነበባል። አንብቦ የሚያሳይ ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱ። ሙሉ ሞልታችሁ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱና ስንት ከመቶ እንደወረደ ጻፉ። ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ የመሙያ ሶኬታቸው ከአውሮፓው ይለያል፣ ስክሪናቸውም በቻይንኛ ሊሆን ይችላል። የፋብሪካ ዋስትና አለው ከተባላችሁ እዚህ አገር የሚያስፈጽመው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

6. መኪናውን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ እዩ

ዓይነቱ ሲወሰን ፍለጋው ይጀመራል። ከዚህ በኋላ ከዓይነቱ ይልቅ ያቺ አንዷ መኪና ያለችበት ሁኔታ ይበልጣል። ጥሩ የተያዘ ቪታራ ከተጎዳ ራቭ ፎር ይሻላል።

ለሻጩ «እስክንመጣ አታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ። ሞቆ ከሆነ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል ብላችሁ ጠርጥሩ። የዘይቱን ክዳን ክፈቱ። ከሥሩ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካለ ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተበላሽቶ ይሆናል ማለት ነው። አስነሱና ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው። ጥቁር ነዳጅ ይበዛል። ሞተሩ ሞቆም የማይቆም ነጭ ጭስ ውኃ ነው።

አካሉን በቀን ብርሃን፣ ደረቅ ሆኖ እዩ። የታጠበ እርጥብ መኪና ሁሉ ያምራል። በሮቹና ፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት እኩል ነው? በጣታችሁ አንኳኩ፤ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ድምፁ ይደፈናል። ጎበዝ ባትላሜራ የሠራው ግን ዓይን ያታልላል። ስለዚህ የኋላውን ምንጣፍ ገልጣችሁ የስኮርት ጎማውን ቦታ እዩ። ከኋላ የተመታ መኪና እዚያ ውስጥ ብየዳ ይገኝበታል።

ቪትዝና ፕላትዝ ለጃፓን ገበያ የወጡ ስሞች ናቸው፤ ጃፓን ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። እነዚህን ስታዩ መሪው ወደ ግራ የዞረ መሆኑንና አዟዟሩን መካኒኩ ሥር ገብቶ ይመልከት። የዝናብ መጥረጊያው ንጹሕ የሚያደርገው የተሳፋሪውን ጎን ከሆነ ምልክቱ ያ ነው።

ከዚያ ንዱት። ከተማ ዙሪያ አምስት ደቂቃ አይበቃም። እኛ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አራት ሰው ጭነን ወጣን። ዳገት የካምቢዮን መንሸራተት፣ የፍሪሲዮንን ማለቅና የሞተርን ሙቀት በአንድ ጊዜ ያወጣዋል። ሲወረድ ፍሬኑ ይፈተናል። ኮብልስቶን ላይ ሬዲዮውን ዘግታችሁ አዳምጡ፤ አሞርዛተርና ኩሽኔታ ራሳቸው ይናገራሉ። በመጨረሻ ራሳችሁ የመረጣችሁትን መካኒክ፣ ራሳችሁ ከፍላችሁ አስፈትሹ። ሻጩ ወይም ደላላው የጠቆመው አይሁን። እኛ ልንገዛው የደረስን የሚያብረቀርቅ ቱሳን ነበር። መካኒካችን በ20 ደቂቃ ውስጥ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ አሳየን።

ኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ብዙ አትመኑት። የመሪው ቆዳ፣ የፍሬን ፔዳሉ ጎማና የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ የበለጠ እውነት ይናገራሉ።

አንድ ሕግ በመካከላችሁ አድርጉ። አንዳችሁ «ይቺ መኪና ደስ አላለችኝም» ካላችሁ፣ ሌላው ምክንያት ሳይጠይቅ ይለፋት። ሁለት ጊዜ ተጠቀምንበት፤ ቤታችን ሰላም አደረ።

7. ወረቀቱን ከብሩ አስቀድሙ

ኦሪጅናል ሊብሬውን ያዙና የሻሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን መኪናው ላይ ካለው ጋር በፊደል በፊደል አመሳክሩ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም የተበየደ ከመሰለ ተመለሱ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ። የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እግድና የትራፊክ ቅጣት ከመኪናው ጋር ሊከተላችሁ ይችላል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል አትንኩት።

ሻጩ ያገባ ከሆነ ባልና ሚስቱ ሁለቱም መፈረም አለባቸው፤ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። አንድ ሻጭ «ባለቤቴ ውጭ አገር ናት፣ በኋላ ትፈርማለች» ብሎን ትተን ሄድን። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ይህ ለእናንተም ይሠራል፤ ሊብሬው በማን ስም ይሁን በሚለው ላይ መጣላት አያስፈልግም። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑን ሰነዶች ማረጋገጫ ላይ አረጋግጡ። ስም ሳታዛውሩ በውክልና ብቻ እየነዳችሁ እንዳትቀመጡ።

ቀብድ ያለ ጽሑፍ አትስጡ። በሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ይህ የሚጠቅማችሁ ግን ወረቀት ሲኖር ነው። ቀሪውን ውሉ ሲፈረም በባንክ ወይም በሲፒኦ ክፈሉ።

8. የመጀመሪያው ሳምንት

ሻጩ «ትናንት ነው የቀየርኩት» ቢላችሁም የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ። የካምቢዮ ዘይት፣ የፍሬን ዘይትና የራዲያተር ውኃ ይታይ። ሞተሩ የታይሚንግ ቺንጊያ (የጎማ ቀበቶ) የሚጠቀም ከሆነና መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ ቀይሩት፤ ሲበጠስ ሞተር ይዞ ሊሄድ ይችላል። የጎማዎቹን የተሠሩበት ዓመት ጎናቸው ላይ አንብቡ። በአራት አሃዝ ይጻፋል፤ 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019፣ 23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ቢኖርም በጣም ያረጀ ጎማ ቤተሰብ አይጫንበትም።

ያቺን የጉዞ ደብተር አትጣሏት። እኛ መኪናው ኪስ ውስጥ አስገባናት። ከጉዞዎቹ ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ ባለቤቴ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የተቀየረውን ዘይት ጻፈች። ከሥሩ በእርሳስ «ሁለተኛ የልጅ ወንበር» ብላ ነበር። ባለፈው ወር በእስክሪብቶ ደገመችበት።